በሌላው ሰው መቅደስ ደጃፍ

ያላመነ ሰው አማኞች ወደሚሰግዱበት ሥፍራ ለማየት ብቻ ሲሄድ ሥራው ምን ይባላል? አክብሮት ነው ወይስ ድፍረት? ዕውቀት መሻት ነው ወይስ የሰው ጓዳ መክፈት? ላይ ላዩን ሲያዩት ይህ ጥያቄ ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ጥያቄ ይመስላል። ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ለመሄድ እንኳ ኪሳችንን የምንዳብስ ስደተኞች ስለ ጉብኝት ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደሚያገባን ለማሳየት እሞክራለሁና ውድ አንባብያን ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ በሼክ ኑር ባለነው ወገኖች መካከል በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰነዘር ሰምቻለሁ። አንደኛው ወገን፣ የጸሎት ቤት ለሚጸልይ ሰው ነው ይላል። ሊሰግድ ያልመጣ ሰው በዚያ ቦታ ሥራ የለውም፤ ቢሄድም የራሱን ሃይማኖት ያቃልላል ወይም የሌላውን ይሰልላል፤ ከሁለት አንዱን ሳያደርግ አይመለስም ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ውኃም ውኃ ነው፤ የመግቢያውን ዋጋ የከፈለ ሰው የማየት መብት አለው፤ ዓይን ማንንም አይጎዳም ይላል።

እኔ እንደማስበው ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት መንገደኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው የመንገደኛውን እምነት ይመረምራል፤ ሁለተኛው የመንገደኛውን ኪስ ይመረምራል። በደጃፉ ላይ ቆሞ እንግዳውን የሚቀበለውን ሰው ግን ሁለቱም ረስተውታል። ከእርሱ ብንጀምር ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል ባይ ነኝ።

ለዚህ ክርክር ከአገራችን የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በጎጃም፣ በሰከላ ወረዳ፣ ግሽ አባይ የሚባል ሥፍራ ይገኛል። የአባይ መነሻ ነው። ምንጩ ጠበል ስለሆነ እህል ውኃ የቀመሰ ሰው አይቀርበውም፤ ምእመናን በባዶ ሆዳቸው፣ በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል። የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ገድል እንደሚተርከው ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ በአደራ ሰጥተው ኋላ ሳይርሱ ተቀብለውታል። የገድሉን ታሪክ የሚያምንም የማያምንም አለ። የእኔ አንባቢ ግን አንድ ቃል ይያዝልኝ፦ አደራ የሚለውን። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደዚህ ምንጭ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መንገደኛ መጣ። በምጽዋ ገብቶ፣ በጎንደር ተቀምጦ፣ በዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ብዙ ደክሞ የደረሰ ሰው ነው። ወደ ምንጩ ሲቃረብ መሪው ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረው፤ የአካባቢው አገው ውኃውን ያከብራልና። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው ጫማውን ጥሎ ቁልቁለቱን ሮጠ፤ በሩጫውም ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከደረሰ በኋላ ከምንጩ በጽዋ ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። በዓለም ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲፈለግ የኖረውን ምሥጢር አገኘሁ ብሎም ደስ አለው።

የብሩስ መጽሐፍ በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ አገኘሁ የሚለው ቃል ብዙ ቦታ ይዟል። ይሁንና ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618፣ ማለት ከብሩስ 152 ዓመት በፊት፣ በዚያው ምንጭ አጠገብ ቆሞ ያየውን ጽፎ ነበር። ብሩስ ይህን አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። አብሮት የደከመው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም በኢትዮጵያ ምድር ሞቶ ሲቀር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ለድካሙ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሩስን በቤታቸው ያሳደሩት የምንጩ አገልጋይ አሉ፤ እርሱ ራሱ ክፍለ አባይ ብሎ የጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። እኚህ ሽማግሌ ምንጩን በየቀኑ እያዩት አርጅተዋል። የአንድ ሰው የደጅ ውኃ በሌላ ሰው እንዴት ይገኛል?

አስተምርበት በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ይህን ታሪክ ለዕጩ መምህራን ሳቀርብ ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈል ነበር። ግማሹ ብሩስን ደፋር፣ ዕውቀት ወዳድ ይለዋል። ግማሹ የቅኝ ገዢዎች መንገድ ጠራጊ ይለዋል። በመካከሉ አንዲት ከወደ ኋላ የምትቀመጥ ዕጩ መምህርት እጇን አውጥታ፣ ሰውዬው ጫማውን ማውለቁን እንደ ጥሩ ነገር እንቁጠርለት ወይ ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ እኔ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

እስቲ እንመርምረው። ብሩስ ጫማውን አወለቀ፤ ሥርዓቱን ፈጸመ። ምንጩን አላረከሰም፤ ውኃውም ከመፍሰስ አልቆመም። በዓይን የሚታይ ጉዳት የለም። ዓይን ማንንም አይጎዳም የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ ትክክል ይመስላሉ። ነገር ግን ጫማውን ያወለቀው ለምንድን ነው? ካላወለቀ ስለማያሳልፉት ነው። አውልቆ ቁልቁል የሮጠ ሰው ሥርዓቱን እንደ ኬላ ቀረጥ ከፍሎ ማለፉ ነው። በምንጩ ዳር በጠጣ ጊዜም የጠጣው ስለ ምንጩ አልነበረም፤ ስለ ንጉሡና ስለ ራሱ ዝና ነበር። ጥፋቱ አለማመኑ አይደለም። ባያምንም ቁጭ ብሎ ሽማግሌውን ይህን ውኃ ለምን ትወዱታላችሁ ብሎ ጠይቆ መልሱን በልቡ ማሳደር ይችል ነበር። ለእውነት ስንል ብሩስ ስለ አገው ልማድ ብዙ ጠይቆ ጽፏል እንበል። ይሁን እንጂ መልሱን ከሰጡት ሰዎች ይልቅ ጠያቂው በመጽሐፉ ውስጥ ገንኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልወድም። ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ነበር። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ላይ የኖረው በእኛ ሊቃውንት እጅ፣ በግዕዝ ነው። ብሩስ ባይወስደው ኖሮ በ1821 በእንግሊዝኛ አይታተምም ነበር፤ ዓለምም የኢትዮጵያን ሊቃውንት ባለውለታነት ለማወቅ ምናልባት ሌላ መቶ ዓመት በፈጀበት። እንግዲህ የመንገደኛ ጉጉት ፍሬ የለውም ማለት አይቻልም። መምህር የሆነ ሰው ጉጉትን ከኮነነ ሙያውን መኮነኑ ነው። መቅደስ ለማያምን ዝግ ይሁን የሚሉት ወገኖች ለዚህ መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

ግን ደግሞ ሌላውን ጫፍ እንይ። በሚያዝያ ወር 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ወታደሮቹ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤት የዘረፉት ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። አስደናቂው ነገር ሙዚየሙ እነዚህን ታቦታት ለሕዝብ አያሳይም፤ የራሱ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ታቦት በካህን ካልሆነ በቀር አይታይም የሚለውን ሥርዓት አከብራለሁ ይላል። ሙዚየም ማለት የማሳያ ቤት ነው፤ የማሳያ ቤት የማያሳየውን ዕቃ ይዞ ተቀምጧል። አለማየታቸው አክብሮት ከሆነ መያዛቸው ምን ሊባል ነው? ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ሥርዓትን መፈጸምና ባለቤቱን ማክበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ኖሮ ሁለተኛው ሊጎድል ይችላል።

አሁን ሩቅ አገር እንሂድ። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ፣ በቻው ፕራያ ወንዝ ዳር፣ ዋት አሩን የሚባል ዝነኛ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፤ የንጋት ቤተ መቅደስ ማለት ነው። ረጅም ግንቡ በቻይና ሲኒና ሳሕን ስባሪ ተለብጦ ከወንዙ ማዶ ያብለጨልጫል። በየቀኑ ከዓለም ዙሪያ የመጡ መንገደኞች በጀልባ እየተሻገሩ ያዩታል። ትከሻና ጉልበት እንዲሸፈን፣ ወደ ጸሎቱ አዳራሽም ሲገባ ጫማ እንዲወልቅ ሥርዓት አለ። ከእኛ አገር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በምስል ፊት የሚንበረከክ ሕዝብ ነው፤ ወዲያውም ይህማ ጣዖት ነው ብሎ ይደመድማል። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ቡድሃ በተከታዮቹ ዘንድ ዓለምን የፈጠረ አምላክ ሳይሆን ከሥቃይ መውጫውን መንገድ ያሳየ መምህር መሆኑን በሰማ ነበር። ለመምህር መንበርከክ ደግሞ የእኛም የቆሎ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የየኔታን ጉልበት ስሞ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ማየት ብቻውን ዕውቀት አይሰጥም የምለው ለዚህ ነው። ያየ ሰው ካልጠየቀ ያየው የራሱን አገር ነው።

ጫማ ማውለቅን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊድና የቡድሃ ቤተ መቅደስ መስማማታቸው የሚያስገርም ነው። ሙሴም በቁጥቋጦው ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ ታዟል። በበኩሌ ትርጉሙ ከንጽሕና ያለፈ ይመስለኛል። ጫማውን ያወለቀ ሰው የድንጋዩን ቅዝቃዜና የጠጠሩን ሹልነት ከአማኙ እኩል ይቀምሳል። በላሊበላ፣ ከዮርዳኖስ ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በልደት በዓል ዋዜማ ከወሎና ከጎንደር በእግሩ የመጣው ተሳላሚና በአውሮፕላን የመጣው ፈረንጅ በአንድ ደጃፍ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ፈረንጁ በዶላር ከፍሎ ይገባል፤ ተሳላሚው ሳይከፍል ይገባል። እግራቸው ግን በአንድ ድንጋይ ላይ ያርፋል። እኩልነቱን ያወቀ መንገደኛ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ያላወቀው ደግሞ ካሜራውን ከአንገቱ አውርዶ የምታለቅስ ባልቴት ፊት ላይ ይደግናል።

እዚሁ አጠገባችንም አንድ ሥፍራ አለ። ከሐርገይሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሁለት ደረቅ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ላስ ጌል የሚባል የቋጥኝ ኮረብታ ይገኛል፤ የግመል ማጠጫ ማለት ነው። በቋጥኙ ግርጌ ባሉት ዋሻዎች አንገታቸው ያጌጠ ላሞችና ከላሞቹ አጠገብ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙ ሰዎች በቀይ፣ በነጭና በብርቱካን ቀለም ተሥለዋል። ዕድሜአቸው 5,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አገኙት ተባለ። እዚህም ያው ቃል! ከብቱን በዚያ ሲያሰማራ የኖረው የሶማሌ አርብቶ አደር ግን ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር። ተመራማሪዎቹ ለዓለም አስታወቁት ቢባል እውነት ነው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል።

ላስ ጌል ለጥያቄያችን የተለየ ፈተና ያመጣል። እጁን ዘርግቶ የቆመው ሰው እየጸለየ ከሆነ ለማን እንደጸለየ የሚነግረን የለም። ሃይማኖቱ ጠፍቷል፤ ቋንቋው ጠፍቷል። የሚቀየም አማኝ የለም። ታዲያ እዚያ ሄደን ቋጥኙ ላይ ስማችንን በምስማር ብንጭር ማንን በደልን? ሁላችንም ክፉ ሥራ መሆኑ ይሰማናል። ክፉ የሆነው እምነቱ እውነት ስለሆነ አይደለም፤ እምነቱ ምን እንደነበረ እንኳ አናውቅምና። ክፉ የሆነው አንድ ወቅት ሰዎች ተስፋቸውን፣ የከብቶቻቸውን ጤና፣ የልጆቻቸውን ሕይወት በዚያ ድንጋይ ላይ በአደራ ስላስቀመጡ ነው። አደራ የሰጠው ሰው ቢሞትም አደራው አይሞትም። በአገራችን ልማድ አደራ የበላ ሰው ባለ አደራው ሞቷል ብሎ አይድንም።

ስለዚህ የተቀደሰ ሥፍራ ማለት፣ ቢያንስ ለማያምነው መንገደኛ፣ ሰዎች የሚሳሱለትን ነገር በአደራ ያኖሩበት ቦታ ማለት ነው። መንገደኛው በእነርሱ አምላክ እንዲያምን አይገደድም፤ አደራቸውን ግን ማክበር አለበት። ይህም በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ሳይፈቀድለት አይገባም። ሁለተኛ፣ ያየውን ከመፍረዱ በፊት ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ተመልሶ ሲያወራ አስተናጋጆቹን ከታሪኩ አይሰርዝም፤ ያሳዩኝን አየሁ ይላል እንጂ አገኘሁ አይልም።

ከባዱ ነገር ሥርዓቱ ራሱ ለመንገደኛው ፍትሐዊ በማይመስለው ጊዜ ነው። በጣና ደሴት በሚገኘው በክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አትገባም። ከባሏ ጋር በታንኳ የሄደች ሴት ከወደቡ ላይ ቀርታ ትጠብቃለች። ይህን ሥርዓት መንገደኛ ሆኖ ማክበር በእኅቶቻችን ላይ መተባበር አይሆንም ወይ? ቀላል መልስ የለኝም። የማምነው ግን እንግዳ የቤቱን ሥርዓት በቤቱ ውስጥ አይሽርም፤ ከማይቀበለውም ቤት አለመግባት ይችላል። የቤቱ ልጅ ደግሞ የመከራከር ሙሉ መብት አለው። የእኛ እናቶችና እኅቶች በዚያ ጉዳይ እንግዶች አይደሉም፤ የቤቱ ልጆች ናቸው። እነርሱ ቢከራከሩ ነውር አይደለም፤ ከለንደን የመጣ መንገደኛ አጥሩን ዘሎ ቢገባ ግን ነውር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያገባን። እኛ ዛሬ ጎብኚዎች አይደለንም፤ የምንጎበኝ ነን። ወረቀትና ካሜራ የያዙ ሰዎች ወደ መኖሪያችን ይመጣሉ፤ ቆጥረውን፣ አነሣሥተውን ይሄዳሉ። አንዳንዱ ከእናቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ስም ይጠይቃል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ይለምናል። አንዳንዱ ደግሞ ከበር ቆሞ የታመመ ልጅ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እንዲያምነን እንጂ እንደ እኛ እንዲሰደድ አንጠይቀውም። ከልጁ ፊት በፊት የእናቲቱን ፊት እንዲያይ ብቻ እንፈልጋለን። ድህነታችን መቅደስ አይደለም፤ ማንም እንዲሰግድለት አንሻም። ነገር ግን ከአገራችን ይዘን የወጣነው የቀረን ሁሉ፣ ክብራችንና የልጆቻችን ተስፋ፣ በእነዚህ ጠባብ ቤቶች ውስጥ በአደራ ተቀምጧል። የብሩስን ጫማ ያስታወሰችኝ ዕጩ መምህርት ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ጫማውን ማውለቁ ብቻውን አይበቃም፤ ከበር ላይ ቆሞ ጫማውን ሳያወልቅ ግቡ እስኪባል የሚጠብቅ ሰው ይሻለናል።

በሌላ በኩል እኛም በሌላው ሰው መቅደስ ደጃፍ ላይ ነን። ሐርገይሳ በቀን አምስት ጊዜ አዛን የሚሰማባት ከተማ ናት። ከእኛ ሙስሊም የሆነው እንደ ቤቱ ይሰማዋል፤ ክርስቲያን የሆነው ግን መንገደኛ ነው። በረመዳን በአደባባይ ውኃ መጠጣትና ሲጋራ ማጨስ በሕግ ባይከለከልስ ምን እናደርግ ነበር? ፖሊስ ፈርቶ የሚታቀብ ሰው ጫማውን አውልቆ የሮጠውን ሰው ይመስላል። የጎረቤቱን ጾም አስቦ የሚታቀብ ሰው ግን አደራ ጠባቂ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቁት ራሳቸውና ፈጣሪ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ጎረቤት ውሎ አድሮ ያውቀዋል።

ደግሞም ይህ ሕዝብ እንግድነትን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1988 ሐርገይሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ ነዋሪዎቿ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ሐርተሼክ በዚያን ዘመን ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ሼክ ኑርም ከስደት ከተመለሱት ብዙዎቹ ጎጆ የቀለሱበት ሠፈር ነው። ዛሬ ቤት የሚያከራየን፣ ሱቁ ላይ በዱቤ የሚሰጠን ሰው ትናንት በእኛ ምድር በድንኳን ያደረ ሊሆን ይችላል። የዛሬው አስተናጋጅ የትናንቱ እንግዳ መሆኑን ማወቅ ለሁለታችንም ወገን ልብ ይሰጣል።

ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የመጨረሻው ቃል አይደለም። በተለይ በክብራን ጉዳይ ላይ ያልኩትን የማይቀበሉ እኅቶች እንዳሉ አውቃለሁና ብዕራቸውን ያንሡ። ከባሌ የመጣችሁ ወገኖችም፣ ድሬ ሼክ ሁሴንን ተሳልማችሁ እንደሆነ፣ በዚያ ሥፍራ ሙስሊም ያልሆነ መንገደኛ ሲመጣ እንዴት እንደሚስተናገድ ጻፉልን። እኛ ከሩቅ ከምንገምት የቤቱ ልጆች ቢነግሩን ይሻላል። ለጽሑፋችሁ በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ክፍት እንዲተውላችሁ አዘጋጆቹን ለምኛለሁ።